ኤቢኤ ለልጃችን፦ የትኛው ዓይነት፣ የት፣ በሳምንት ስንት ሰዓት?

ሴት አያቱ ጭልፋ እንደያዙ ምድጃው ጋ ቆመዋል። የአራት ዓመቱ ልጅ የሁለት እጁን ጣቶች ሰብስቦ ጫፍ ለጫፍ ያነካካል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። አያት ጨዋታ መሰላቸው። «እሰይ የኔ ጌታ!» ብለው አጨበጨቡለትና ሳህኑን አነሱት። ልጁ ወለሉ ላይ ተዘረረ። ጩኸቱ ጎረቤት ድረስ ተሰማ።

ልጁ «ጨምሩልኝ» እያለ ነበር። በአሜሪካ የምልክት ቋንቋ፣ የሚሠለጥንበት የኦቲዝም ማዕከል እንዳስተማረው። መዝገቡ ላይ ከ10 ሙከራ 9ኙን አግኝቷል፤ ዓላማው «ተሳክቷል» ተብሎ ተዘግቷል። ለአያት የነገራቸው ግን የለም።

እኔ ሜሪላንድ ውስጥ ወለል ላይ ተቀምጬ ከልጆች ጋር የምሠራ ቴክኒሻን ነኝ፤ በሙያው አጠራር አርቢቲ። እዚህ የማነሳቸውን ልጆች ማንም እንዳይለያቸው ነገራቸውን ቀያይሬዋለሁ። ልጃቸው ኦቲዝም እንዳለበት በቅርቡ የተነገራቸው የሀበሻ ወላጆች ይደውሉልኛል። ጥያቄያቸው ስለ ኤቢኤ፣ ማለትም ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ስለሚሰጠው የባህሪ ሥልጠና ነው፤ ብዙ ጊዜም አንድ ነው፦ «ኤቢኤ ይሻላል ወይስ ሌላ?» እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ የትኛው ኤቢኤ? በዚህ ስም ስር የሚሸጠው ነገር የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል። ስለዚህ ስሙን ለጊዜው ተዉትና ልጃችሁ በዚያ ሰዓት ውስጥ ምን ሲያደርግ እንደሚውል ጠይቁ። ይህ ጽሑፍ እሱን እንድታመዛዝኑ ነው።

ነገሩ ከየት መጣ

ኤቢኤ ማለት የተግባራዊ ባህሪ ትንተና ነው። ሥሩ ሥነ ልቦና አጥኚው ቢ.ኤፍ. ስኪነር ጋ ይደርሳል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ስኪነር በ1938 ባወጣው ሥራው ያሳየው ነገር ሲሰሙት ቀላል ነው፦ አንድ ድርጊት ተከትሎት የሚመጣው ነገር፣ ድርጊቱ እንዲደገም ወይም እንዲቀር ያደርገዋል። ልጅ «ውሃ» ብሎ ውሃ ካገኘ ነገም «ውሃ» ይላል። ጮኾ ካገኘ ነገም ይጮኻል። እናቶቻችን ይህን ያለ ዩኒቨርሲቲ ያውቁታል።

በ1968 ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ቤር፣ ዎልፍ እና ሪስሊ የሙያውን መመዘኛዎች ጻፉ። ሰባት ናቸው፤ ለወላጅ ሁለቱ ይበቃሉ። አንደኛው «ተግባራዊ» የሚለው ቃል ራሱ ነው፦ የሚሠራበት ባህሪ ለሰውዬው ሕይወት የሚጠቅም መሆን አለበት። ሁለተኛው፣ የተማረው ነገር ከክፍሉ ወጥቶ ሌላ ቦታና ሌላ ሰው ጋ መሥራት አለበት፤ ያ ደግሞ በዕድል የሚመጣ ስላልሆነ ታቅዶ ይሠራል። የአያትን ጭልፋ አስታውሱ። ያ ዓላማ በ1968ቱ መመዘኛ ገና አልተሳካም ነበር።

(በነገራችን ላይ «ጨምሩልኝ» የሚለውን ምልክት እንደ መጀመሪያ ቃል ማስተማር አልወድም። ምን ይጨመር? ውሃ፣ ዳቦ፣ እሽኮኮ? ልጁ አንዴ እሱን ከያዘ ለሁሉም ነገር ያንኑ ያነካካል፤ አዋቂው ደግሞ ሲገምት ይውላል። «ዳቦ» ብሎ መጀመር ይሻላል።)

መጀመሪያ «ለምን?» የሚለው ማን ነው

አማራጮቹን ከማወዳደሬ በፊት አንድ ቤት ልውሰዳችሁ። እሑድ ከሰዓት ነው። ቡና ተቆልቷል፣ እንግዶች መጥተዋል። የስድስት ዓመቱ ልጅ እንግዳ በገባ ቁጥር ጭንቅላቱን ከግድግዳ ጋር ያጋጫል። አባት ይቆጣና «ወደ ክፍልህ ግባ!» ይለዋል። ልጁ ይገባል፣ ዝም ይላል። በሚቀጥለው እሑድ ያው ነው፤ እንዲያውም ብሶ።

እናትየው ጢሱ ነው ብላ ነበር። አባት «ቅብጠት ነው፣ እንድናየው ፈልጎ ነው» አለ። እኛ ደግሞ ወረቀት ሰጠናቸው፤ ሦስት ዓምድ ብቻ ያለው። ከድርጊቱ በፊት ምን ነበር? ልጁ ምን አደረገ? ወዲያው ምን ተከተለ? እናት በፖስታ ጀርባ ላይ ሳይቀር ጻፈች። ቡና ተቆልቶ እንግዳ ባልመጣበት ቀን ምንም የለም። ስለዚህ ጢሱ አይደለም። አንድ ቀን ደግሞ እንግዶች ቡናም ሳይፈላ መጡ፤ አጋጨ። ደጋግሞ «በፊት» በሚለው ዓምድ ስር የተጻፈው አንድ ነገር ሆነ፦ «እከሊት ልትስመው ጎንበስ አለች።»

ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ ጉንጭ ለጉንጭ። በማያውቀው ሽቶ፣ በማያውቀው ጺም። ልጁ ከዚያ ማምለጫ አገኘ፦ ጭንቅላቱን ሲያጋጭ ወደ ክፍሉ ይላካል። አባት ቅጣት ነው ያለው፣ ለልጁ ደመወዝ ሆኖ ተገኘ።

በሙያው አነጋገር ባህሪ ብዙውን ጊዜ ከአራት ነገር ላንዱ ይውላል፦ የሰው ትኩረት ለማግኘት፣ ከአንድ ነገር ለማምለጥ፣ የሚፈልገውን ዕቃ ወይም ምግብ ለማግኘት፣ ወይም ድርጊቱ ራሱ ለሰውነቱ ደስ ስለሚለው። በ1985 ካር እና ዱራንድ የተባሉ አጥኚዎች ያሳዩት ዋና ነገር፣ ልጁ ያንኑ ውጤት የሚያገኝበት ሌላ መናገሪያ ሲሰጠው ጩኸቱና ድብደባው እንደሚቀንስ ነው። እዚህ ቤት ልጁ እጁን ዘርግቶ መጨበጥን ተማረ። እንግዳ ከበር ላይ «እሱ በእጅ ነው ሰላም የሚለው» ይባላል። ካልፈለገ ደግሞ ቀይ ካርድ አሳይቶ ወደ ክፍሉ ይሄዳል። ጭንቅላት ማጋጨቱ በአንድ ቀን አልቆመም፣ ግን ቆመ። ከልጁ ይልቅ ለማስተማር ያስቸገሩን እንግዶቹ ነበሩ።

ይህን ያነሳሁት ለምርጫ ስለሚጠቅም ነው። ማዕከል ስትጎበኙ የልጃችሁን አንድ አስቸጋሪ ባህሪ ንገሯቸው። «እናስቆመዋለን» ካሉ ጥርጣሬ ይግባችሁ። «መቼ መቼ ነው የሚያደርገው? ከዚያ በኋላ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?» ካሉ ቁጭ በሉና አውሩ።

ጠረጴዛ ወይስ ወለል

ዋናው ልዩነት እዚህ ነው።

የጠረጴዛው ዓይነት በእንግሊዝኛ ምኅጻረ ቃሉ ዲቲቲ ይባላል። ልጁ ትንሽ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ፊቱ ሦስት ሥዕል አለ። ቴክኒሻኗ «ኩባያ» ትላለች። ልጁ ኩባያውን ከነካ «ጎበዝ!» ይባላል፤ ብስኩት ወይም የሚወደውን መኪና ለጥቂት ሰከንድ ያገኛል። ካልነካ እጁን ትመራዋለች። ምልክት ትጽፋለች። ከዚያ እንደገና። አንዱ ዙር ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው የሚወስደው።

ይህን ታዋቂ ያደረገው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ የነበረው ኢቫር ሎቫስ ነው። በ1987 ባወጣው ጥናት በሳምንት 40 ሰዓት ከሠሩ 19 ልጆች መካከል 9ኙ መደበኛ አንደኛ ክፍል ገብተው እንደ እኩዮቻቸው ተማሩ አለ። እስከ ዛሬ «40 ሰዓት» እየተባለ የምትሰሙት ከዚያ የመጣ ነው። የማይነገረውን ልንገራችሁ፦ ልጆቹ በዕጣ አልተመደቡም፤ በዚያ ሥራ ላይም ጭን በጥፊ መምታት ጭምር ነበረበት። ዛሬ እንደዚያ የሚሠራ ሰው ካያችሁ ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ።

የወለሉ ዓይነት በልጁ ፍላጎት ላይ ይቆማል። የሳሙና አረፋ እነፋለሁ። ልጁ ይስቃል፣ ያፈርጣል። ክዳኑን እዘጋና ጠርሙሱን ይዤ ዝም እላለሁ። ልጁ ጠርሙሱን ያያል፣ እኔን ያያል፣ «አ…» ይላል። «አረፋ!» ብዬ እነፋለሁ። ማንም ብስኩት አልሰጠም፤ ሽልማቱ ራሱ የጠየቀው ነገር ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ «አረ» ይላል። ያው የስኪነር መርህ ነው፤ የተቀየረው ቦታውና የሚመራው ሰው ነው። ከዚህ ዓይነት የታወቁት ሮበርትና ሊን ኮጀል የጀመሩት ፒቮታል ሪስፖንስ፣ እና ሳሊ ሮጀርስና ጀራልዲን ዶሰን ያዘጋጁት የዴንቨር ሞዴል ናቸው። የዴንቨሩ ሞዴል በ2010 በወጣ ጥናት ከ18 እስከ 30 ወር ባሉ 48 ሕፃናት ላይ በዕጣ ድልድል ተፈትኗል። ከሁለት ዓመት በኋላ ሥልጠናውን ያገኙት በአእምሮ እድገት መለኪያ በአማካይ 17.6 ነጥብ ሲጨምሩ፣ ሌሎቹ 7 ጨመሩ።

እንግዲህ ወለሉ አሸነፈ ልትሉ ነው። ቆይ። በ2021 የወጣ ሌላ ጥናት ሁለቱን ፊት ለፊት አገጣጠማቸው፦ 87 ሕፃናት፣ አንድ ዓመት፣ ግማሹ በጠረጴዛው ግማሹ በዴንቨር ሞዴል፤ በሳምንት 15 ሰዓት ወይም 25 ሰዓት። በጠቅላላ ውጤቱ በዘዴውም ሆነ በሰዓቱ ብዛት ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ጥናቱን የመሩት የዴንቨሩ ሞዴል ባለቤት ራሳቸው ሮጀርስ ናቸው፤ ለእኔ ይህ ያስከብራቸዋል።

ታዲያ በምን ልምረጥ? የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ልጁ ከአራት ዓመት በታች ከሆነ ወይም ገና ቃል ካልያዘ፣ አብዛኛውን ሰዓት ወለል ላይ ይዋል። የተማረው ወደ አያት ቤት አብሮት ይሄዳል። እናትም ልብስ እያጠፈች፣ ሽንኩርት እየላጠች ልትሠራው ትችላለች። ጠረጴዛው ደግሞ የራሱ ቦታ አለው። «ሀ»ን ከ«ለ» መለየት፣ ቀለም፣ ቁጥር፣ ስም ሲጠራ የቱን እንደሆነ መጠቆም፤ እነዚህ በአጭር በአጭሩ ሲደጋገሙ ቶሎ ይያዛሉ። አንዳንድ ልጅ እንዲያውም ጠረጴዛውን ይወደዋል፤ መጀመሪያና መጨረሻው ስለሚታወቅ ያረጋጋዋል። ጥሩ ባለሙያ ሁለቱንም በአንድ ቀን ውስጥ ሲያቀላቅል ታያላችሁ። «እኛ የምንሠራው ይህን ብቻ ነው» የሚል ቦታ የልጃችሁን ልክ ሳይለካ ልብስ የሚሰፋ ነው።

እንደ ጥርስ መቦረሽ፣ እጅ መታጠብ፣ ሽንት ቤት መጠቀም ያለው ነገር ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። ሥራው ይቆራረጣል። ቧንቧ መክፈት አንድ፣ እጅ ማራስ ሁለት፣ ሳሙና ሦስት። ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው እንጀምራለን፦ ሁሉንም እኛ እናደርግለትና ፎጣውን ብቻ ራሱ ይሰቅላል። ከዚያ ማድረቁን፣ ከዚያ ቧንቧ መዝጋቱን። ልጁ ሁልጊዜ የሚጨርሰው ራሱ ይሆናል። ይህን ማንም ወላጅ ዛሬ ማታ ሊሞክረው ይችላል።

ቤት፣ ማዕከል፣ ትምህርት ቤት

ቤት ውስጥ ሲሆን ችግሩ የሚከሰትበት ቦታ ላይ ነው የሚሠራው፤ አያትም፣ ወንድምም፣ ሞግዚትም ያያሉ። ጉዳቱ ቤታችሁ ቤት መሆኑ ይቀንሳል። በየቀኑ ሰው ይመጣል፤ እኛ ደግሞ እንግዳን ሳናበላ መሸኘት አይሆንልንም። (ለቴክኒሻን ምሳ ማቅረብ ግዴታ አይደለም። ብዙ ድርጅት እንዲያውም ስጦታ እንዳንቀበል ይከለክለናል። ቡናውን ግን… እሺ ይቅር።) ማዕከል ሌሎች ልጆች አሉበት፣ ለሁለት ሥራ ለሚሮጥ ወላጅም ይመቻል። ጉዳቱ የአያት ጭልፋ ነው። ማዕከል ከመረጣችሁ፣ ቢያንስ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሰዓት ቤት መጥተው እንዲሠሩ ከመጀመሪያው ጠይቁ።

ትምህርት ቤት ሌላ መንገድ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ የቅድመ ድጋፍ ፕሮግራም አለ፤ ሜሪላንድ ላይ ኢንፋንትስ ኤንድ ቶድለርስ ይሉታል። ምርመራው ነፃ ነው፤ ወላጅ ራሱ ደውሎ ማስመዝገብ ይችላል፣ የሐኪም ደብዳቤ አይጠበቅም። ከ3 ዓመት በኋላ የሕዝብ ትምህርት ቤቱ ይረከበዋል፤ አይኢፒ የሚባል የልጁ የራሱ የትምህርት ዕቅድ ይጻፋል። በዚያ ስብሰባ ላይ አማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ መብታችሁ ነው፣ ክፍያውም የነሱ ነው። የ12 ዓመት ሴት ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። ስለ ወንድሟ የማይሆን ነገር ስትሰማ ተርጉማ ሳይሆን ዋጥ አድርጋ ታልፈዋለች፤ አይቻለሁ። ትምህርት ቤቱና የግሉ ኤቢኤ አብረው መሄድ ይችላሉ። አንዱን ስትይዙ ሌላውን ትለቃላችሁ የሚላችሁን አትስሙ።

ስለ ክፍያ ባጭሩ፦ በ50ዎቹም ስቴቶች ኢንሹራንስ የኦቲዝም ሕክምናን እንዲሸፍን የሚያስገድድ ሕግ አለ። ነገር ግን ወጪውን አሠሪያችሁ ራሱ የሚሸፍነው ዓይነት ኢንሹራንስ ከሆነ የስቴቱ ሕግ ላይመለከተው ይችላል፤ ስለዚህ ደውላችሁ አጣሩ። ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች መንግሥት የሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ) ያለው ከ21 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ለሕክምና አስፈላጊ ነው ከተባለ ይሸፈንለታል።

ስንት ሰዓት?

«40 ሰዓት ካልሆነ ጊዜው ያልፍበታል» ብሎ የሚያስፈራራ ካለ፣ ከላይ ያለውን የ2021 ጥናት አስታውሱና ተረጋጉ። ሰዓት የሚሸጥ ድርጅት ብዙ ሰዓት ቢመክር አይገርምም። 40 ሰዓት ለአዋቂም የሙሉ ጊዜ ሥራ ነው። የሦስት ዓመት ልጅ ይተኛል፣ ከአጎቱ ልጆች ጋር ይጣላል፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ይሄዳል። እነዚህም ትምህርት ናቸው። የሚያስፈልገው ሰዓት ከልጁ ዓላማዎች ይመነጫል እንጂ ከዋጋ ዝርዝር አይደለም። «20 ሰዓት ያላችሁት ለየትኛው ዓላማ ነው? እያንዳንዱ ስንት ሰዓት ይወስዳል?» በሉ። መልስ ያለው ሰው አይቆጣም።

ከሰዓቱ ብዛት ይልቅ ማን እንደሚያሳልፈው ጠይቁ። ዕቅዱን የሚጽፈው ሁለተኛ ዲግሪ ያለው፣ በቦርድ የተመሰከረለት ተንታኝ ነው፤ ቢሲቢኤ ይባላል። ልጁ ጋ የምንውለው ግን እኔን የመሰልን ቴክኒሻኖች ነን። የእኛ ሥልጠና 40 ሰዓት ነው፣ ፈተናም አለው። በወር ከምንሠራው ሰዓት ቢያንስ 5 በመቶውን ተቆጣጣሪያችን ሊከታተለን ይገባል። እውነቱን ልናገር፣ 5 በመቶ ትንሽ ነው። የጀመርኩ ሰሞን አንድ ቤት ውስጥ ለሳምንታት ተቆጣጣሪዬን በስልክ ብቻ ነበር የማገኛት። ልጁ ዝም ብሎ ሲቀመጥ እየሸለምኩት ነበር። ለካ ዝምተኛ ልጅ እያሠለጠንኩ ኖሯል። ስለዚህ «ተቆጣጣሪዋ በሳምንት ስንት ጊዜ በአካል ትመጣለች? ቴክኒሻኖቻችሁ ስንት ጊዜ ይቆያሉ?» በሉ። በየሦስት ወሩ ሰው የሚቀያይር ቦታ ልጁን በየሦስት ወሩ ከ«ሀ» ያስጀምረዋል።

አማርኛው የት ገባ

ይህን ከእኛ ሌላ የሚያነሳላችሁ ስለሌለ ትንሽ ልቆይበት።

«ልጁ እንዳይምታታ ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ ተናገሩ» የሚል ምክር እስካሁን ይሰጣል። አትቀበሉት። ሁለት ቋንቋ መስማት ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ንግግር እንደሚያዘገይ ጥናቶቹ አላሳዩም። በተሰባበረ እንግሊዝኛ የምታወራ እናት ግን ወሬዋ ያጥራል፣ ዘፈኗ ይቀራል፣ ቁጣዋ ብቻ ይተርፋል። ቴክኒሻኗ «ና»፣ «ቁጭ በል»፣ «ውሃ»፣ «በቃ» የሚሉትን ቃላት እንድትማር ጠይቁ። አራት ቃል ለማንም አይከብድም።

አንድ ልጅ «ውሃ ትፈልጋለህ?» ሲባል ትንፋሹን «ህእ» አድርጎ ወደ ውስጥ ይስብ ነበር። የሥራ ባልደረባዬ «ደነገጠ» ብላ ጻፈች፤ ለሁለት ሳምንት ያህል «አዎ ማለት አልቻለም» ተብሎ ዜሮ ተመዘገበበት። ልጁ እንደ አክስቱ «አዎ» እያለ ነበር! መዝገቡን አይቼ ሳቅሁም አዘንኩም።

ደግሞ ማንኪያው አለ። «በማንኪያ ራሱን ይመግባል» የሚል ዓላማ በየዕቅዱ ላይ አይጠፋም። ልጁ ትምህርት ቤት ማንኪያ ያስፈልገዋል፣ ልክ ነው። ቤት ግን እንጀራ በእጅ ቆርሶ መጠቅለል ነው የሚጠበቅበት፤ ይህ ለጣቶቹ ከማንኪያ የከበደ ሥራ ነው። ሁለቱንም አስጽፉ። ጉርሻም ያው ነው። አያት እያጎረሱ ልጁ ራሱን መመገብ አይማርም የሚለው እውነት አለው። ጉርሻን መከልከል ደግሞ ሌላ ነገር ማጥፋት ነው። አንድ ቤት የተስማማነው እንዲህ ነው፦ ልጁ መጀመሪያ አምስት ጊዜ ራሱ ይጎርሳል፣ ስድስተኛውን አያት ያጎርሱታል። ያቺ ስድስተኛዋ ከየትኛውም ብስኩት የበለጠች ሽልማት ሆነች።

ዓይን ለዓይን ማየትንም አስቡበት። እኛ ዘንድ ልጅ ትልቅ ሰው ሲናገረው አንገቱን ቢደፋ ጨዋ ይባላል። «በዓይን ያያል፣ ለ5 ሰከንድ» የሚል ዓላማ ከመጣ «ለምን ይጠቅመዋል?» በሉ። ኦቲዝም ያላቸው ብዙ አዋቂዎች ዓይን ማየት እንደሚያስጨንቃቸው ይናገራሉ። ስሙ ሲጠራ መዞር ግን መንገድ ላይ ነፍስ ያድናል። የጊዜ ጉዳይ ከሆነ ሁለተኛውን አስቀድሙ።

ከንግግር ሕክምናና ከሌላው ጋር

የንግግር ቴራፒ ወይስ ኤቢኤ ለሚለው፣ ልጁ መናገር እያቃተው ከሆነ ሁለቱም፤ ግን ይነጋገሩ። አንዷ ምልክት፣ ሌላዋ ሥዕል፣ ሦስተኛዋ ታብሌት እያስተማሩት ሦስት ቋንቋ የተሸከመ ምስኪን ልጅ አውቃለሁ። አንዱን መርጠው ሁሉም እሱን ይጠቀሙ። ሥዕል አውጥቶ በመስጠት መጠየቅን የሚያስተምረው ፔክስ በ1985 በቦንዲ እና ፍሮስት ደላዌር ውስጥ የተጀመረ ነው፤ ለብዙ ልጆች ጥሩ መነሻ ሆኗል። ሥዕል ወይም ታብሌት ንግግርን ያስቀራል የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም።

ጸበል የሚወስዱ ቤተሰቦችም ይጠይቁኛል። እኔ በሃይማኖት አልገባም። የምለው አንድ ነገር ነው፦ ለሁለቱም ጊዜ አለ፤ የጀመራችሁትን ሥልጠና ግን ለወራት አታቋርጡ። ልጁንም ከወዲሁ አዘጋጁት። ቀዝቃዛ ውሃ ድንገት ሲፈስበት ለማንኛውም ልጅ ከባድ ነው፣ ለእሱ ደግሞ የባሰ ነው።

ቴራፒስት የሌለበት አገር

አዲስ አበባ፣ ዱባይ ወይም ሪያድ ላላችሁ ከላይ ያለው ሁሉ የሕልም እንጀራ ሊመስል ይችላል። በባህረ ሰላጤው አገራት ማዕከል ቢኖርም ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። ኢትዮጵያ ውስጥ ዘሚ የኑስ በ2002 የከፈተችው ጆይ የኦቲዝም ማዕከል እና ነህምያ የኦቲዝም ማዕከል አሉ፤ ሁለቱም አዲስ አበባ ናቸው፤ የሚፈልጋቸው ሕዝብ ደግሞ ከአቅማቸው በላይ ነው።

እዚህ ላይ ከሁሉ የተሻለው አማራጭ ወላጅን ማሠልጠን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች አሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠና አለ፤ 9 የቡድን ትምህርትና 3 የቤት ጉብኝት ነው። የሚሰጡት ስፔሻሊስቶች መሆን የለባቸውም። ኢትዮጵያ ውስጥ በአማርኛ ተዘጋጅቶ አዲስ አበባና ቡታጅራ አካባቢ ተሞክሯል። ውስጡን ስታዩት ከላይ ያወራነው ነው፦ በልጁ ጨዋታ ገብቶ መጫወት፣ ጥያቄውን ጠብቆ መስጠት፣ ሥራን መቆራረጥ፣ ከጩኸቱ በፊትና በኋላ ያለውን ማስተዋል። ገንዘብ ያለው የአሜሪካ ወላጅም ይህን ክፍል ሊዘለው አይገባም። በሳምንት 168 ሰዓት አለ። እኔ ቢበዛ ሃያውን ነው የምኖረው።

ብቻችሁን ስትሠሩ አንድ ማስጠንቀቂያ። ለጩኸት መስጠት ስታቆሙ፣ ጩኸቱ ከመቀነሱ በፊት ሊብስ ይችላል። የሊፍቱ ቁልፍ አልሠራ ሲለን ደጋግመን፣ በኃይል እንደምንጫነው ማለት ነው። በዚያች ሰዓት ተሸንፋችሁ ከሰጣችሁ የተማረው «የበለጠ መጮህ» ነው። ስለዚህ መተኪያውን ሳታስተምሩ አትጀምሩ። ራሱን የሚጎዳ ልጅ ከሆነ ደግሞ ያለ ባለሙያ አትሞክሩት።

መቼ ትወጣላችሁ

ልጅ ሆነው በኤቢኤ ያለፉ አዋቂዎች ከባድ ወቀሳ ያሰማሉ። እጃቸውን ማርገብገብ ተከለከሉ፣ «አይሆንም» ማለት ተቀማባቸው፣ ጤነኛ መምሰልን ተማሩ። እኔ የምበላው ከዚህ ሥራ ነው፤ ግን ሐሰት ነው ማለት አልችልም። ማሳቹሴትስ ውስጥ በኤሌክትሪክ ንዝረት የሚቀጣ ተቋም ለብዙ ዓመታት ሠርቷል፤ የሙያው ዓለም አቀፍ ማኅበር ይህን በይፋ የተቃወመው በ2022 ነው። ዘግይቷል።

እጁን ሲያርገበግብ ማንንም የማይጎዳ ከሆነ ተዉት። ምግብ እስኪታዘዝ ተከልክሎ፣ የሚወደው አሻንጉሊት ቀኑን ሙሉ ተቆልፎበት የሚሠራ ቦታ ካለ ውጡ። ወላጅ ገብቶ እንዳያይ የሚከለክል ከሆነም እንደዚያው። የሌሎች ልጆች ምስጢር ነው የሚሏችሁ ምክንያት ለሌላው ክፍል እንጂ ለልጃችሁ ክፍል አይሠራም። እያለቀሰ እጁ ተይዞ የሚሠራ ሥራ ሳምንት ካለፈው ዕቅዱ ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ልጁ አይደለም።

ስትጀምሩ ለሦስት ወር ብላችሁ ጀምሩ። ሦስት ዓላማ ምረጡ፤ አንደኛው ቤት ውስጥ የሚታይ ይሁን። በወሩ መጨረሻ ግራፉን እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ፣ ያልገባችሁን መስመር አስረዱኝ በሉ። ከዚያ ደግሞ ግራፍ የማያሳየውን እናንተ እዩ። ጠዋት ቴክኒሻኗ በሩን ስታንኳኳ ልጁ ወደ በሩ ነው ወይስ ወደ አልጋው ስር የሚሮጠው? አልጋው ስር ከሆነ፣ በዚያው ዕለት ለተቆጣጣሪዋ ደውሉ።